ነጻ መሬትና ነጻ ሰው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ ሕዝብ ወደ ምዕራብ መስፈሩና የማኅበራዊ ኑሮ ማሻሻያ እንቅስቃሴዎች

መግቢያ

የአሜሪካን ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍት ስንከታተል የ19ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ብዙውን ጊዜ በሁለት ምዕራፍ ተከፍሎ ይቀርብልናል። አንደኛው ምዕራፍ ሕዝቡ ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥቶ ተራራና ሜዳውን እያቋረጠ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ እንዴት እንደ ሰፈረ ይተርካል፤ በዚህ ምዕራፍ የሚታዩት ሠረገላ፥ መጥረቢያ፥ ማረሻና የባቡር ሐዲድ ናቸው። ሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ማሻሻያ እንቅስቃሴዎች ይናገራል፤ በዚህኛው የሚታዩት ደግሞ ስብሰባ፥ ጋዜጣ፥ አቤቱታና የአደባባይ ንግግር ናቸው። ባርነት እንዲቀር፥ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ፥ መጠጥ እንዲከለከል፥ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ የታገሉት ሰዎች ታሪክ የሚገኘው እዚህ ነው።

እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ሁለቱ ምዕራፎች በእውነቱ አንድ ታሪክ መሆናቸውን ነው። የሚያስተሳስራቸውም መሬት ነው። አዲስ መሬት በተከፈተ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣ ነበር፤ ይኸውም «በዚህ መሬት ላይ ነጻ ሰው ሆኖ ሊቆም የሚገባው ማን ነው?» የሚል ነው። የማሻሻያ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ባርነትን እስከ መሻር አድርሷል። ነገር ግን ብዙዎቹ መሬቱ አስቀድሞ የማን እንደ ነበረ መጠየቅን ስለ ተዉ፥ ያው መልስ ሌላውን ሕዝብ ርስት አልባ አድርጎታል።

በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደጋግመን የምናነሣው 160 ኤከር ወደ 65 ሄክታር ይሆናል፤ ይህም በአገራችን ልክ አንዱ ጋሻ 40 ሄክታር ተብሎ ቢታሰብ ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው።

፩. መሬቱ እንዴት እንደ ተለካ

አሜሪካ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ኮንግሬሱ በ1785 የምዕራቡን መሬት የሚያስለካ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት መሬቱ በእያንዳንዱ ጎኑ ስድስት ማይል በሆነ አራት ማዕዘን ይከፈላል፤ ይህም እንደ ገና እያንዳንዳቸው 640 ኤከር በሆኑ 36 ክፍሎች ይመደባል። ከነዚህም 16ኛው ክፍል ለሕዝብ ትምህርት ቤት መተዳደሪያ እንዲውል ታዘዘ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውለው የምንፈልገው ነገር አለ። ቀላድ ጣዩ ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ጫካው ሲገባ፥ አንድም ተማሪ በሌለበት ስፍራ የትምህርት ቤቱ ድርሻ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። ሰፈራና ማሻሻያ ከመጀመሪያው አብረው ተለክተዋል ማለት ነው።

በ1787 የወጣው ሌላው ሕግ ከኦሃዮ ወንዝ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው አገር ባርነትን ከለከለ። እንደዚሁም የአንድ ግዛት ነጻ ነዋሪዎች ቁጥር 60,000 ሲደርስ ግዛቱ ከቀድሞዎቹ ጋር እኩል የሆነ ስቴት ሆኖ ወደ ኅብረቱ እንዲገባ ፈቀደ። በ1803 ደግሞ መንግሥቱ የሉዊዚያናን አገር ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር በመግዛቱ የአገሩ ስፋት እጥፍ ያህል ሆነ።

ነገር ግን መሬቱ በነጻ የሚሰጥ አልነበረም። በ1820 በወጣው ሕግ የአንድ ኤከር ዝቅተኛ ዋጋ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሆኖ፥ ገዢው ቢያንስ 80 ኤከር መግዛት ነበረበት። ስለዚህ አንድ ሰው መቶ ዶላር በአንድ ጊዜ ቆጥሮ ካላቀረበ ገበሬ ለመሆን አይችልም ነበር። ይህን ገንዘብ የቀን ሠራተኛው በቀላሉ አያገኘውም፤ መሬት ሰብስበው ዋጋው እስኪወደድ የሚያቆዩ ባለ ገንዘቦች ግን ያገኙታል። ወደ ፊት ለተነሣው የመሬት ክርክር መንሥኤው ይኸው ነው።

፪. የ1830 አቤቱታ

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። በጆርጂያና በአካባቢው ይኖር የነበረው የቼሮኪ ሕዝብ ያርስ፥ ይነግድና ትምህርት ቤት ያቋቁም ነበር። ሴኮያ የተባለው ሰው ለሕዝቡ ቋንቋ ፊደል ፈጠረለት፤ ፊደሉም እንደኛው ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ የሚይዝ፥ ቁጥሩም 85 ያህል ነው። ቼሮኪዎች በ1827 የተጻፈ ሕገ መንግሥት አወጡ፤ በ1828ም በቋንቋቸውና በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ።

ሆኖም ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን እነዚህ ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ እንዲሄዱ የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ አጥብቀው ጠየቁ። በዚህ ጊዜ በአሜሪካ ታሪክ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ሆነ። ካተሪን ቢቸር የተባሉት መምህርት በ1829 ስማቸውን ሳይገልጹ ባሠራጩት ጽሑፍ ምክንያት ሴቶች በየከተማው እየተሰበሰቡ ለኮንግሬሱ አቤቱታ ጻፉ። ሴቶች በአገር ጉዳይ በብዛት ተባብረው ለኮንግሬስ ሲያመለክቱ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሕጉ በ1830 በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የጸደቀው በ102 ድምፅ ሲሆን የተቃወሙት 97 ነበሩ። በአምስት ድምፅ ብልጫ የብዙ ሕዝብ ዕድል ተወሰነ።

በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ቢፈርድም ፍርዱ አልተፈጸመም። በ1838 ወታደሮች ቼሮኪዎችን ከየቤታቸው ሰብስበው፥ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ነዷቸው። ከ16,000 ያህሉ ሰዎች በጉዞውና በመጠለያው 4,000 የሚያህሉት እንደ ሞቱ ይገመታል።

አቤቱታው ባይሰማም ያለ ፍሬ አልቀረም። ሴቶቹ ሰው አሰባስቦ ፊርማ ማስፈረምንና ለሸንጎ ማመልከትን ተማሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባርነትን በመቃወም የጎረፉት አቤቱታዎች የተጻፉት በዚሁ ልምድ ነው። ከዚህም በላይ በዚያን ዘመን ነጻ የወጡ ጥቁሮችን ወደ አፍሪካ መመለስ እንደ በጎ አድራጎት ይቆጠር ነበር። ሕንዶችን ከተወለዱበት አገር ማባረር ግፍ ከሆነ፥ ጥቁሩንም ከተወለደበት አገር ማስወጣት ያው ግፍ መሆኑን አንዳንዶች መገንዘብ ጀመሩ።

፫. የሌን ተማሪዎች

የዚህን አዲስ አስተሳሰብ ፍሬ በተማሪዎች ታሪክ ማየት እንችላለን። ሲንሲናቲ ከተማ የኦሃዮን ወንዝ ተከትላ በምዕራቡ በር ላይ የተሠራች ናት፤ ከወንዙ ማዶ የባሪያ አገር የሆነው ኬንታኪ ይታያል። በከተማይቱ ሌን የተባለ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነበር። ዓላማውም ወደ ምዕራብ ለሚጎርፈው ሕዝብ ሰባኪዎችን ማዘጋጀት ነው።

በየካቲት 1834 ተማሪዎቹ በቴዎዶር ዌልድ መሪነት ስለ ባርነት ለ18 ምሽቶች ተከራከሩ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ጄምስ ብራድሊ ነበር፤ እርሱም ከአፍሪካ በሕፃንነቱ ተወስዶ ባሪያ ከሆነ በኋላ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ራሱን የገዛ ሰው ነው። በክርክሩ መጨረሻ ተማሪዎቹ ባርነት ወዲያውኑ መቅረት አለበት ብለው ወሰኑ፤ በከተማይቱ ላሉት ጥቁሮችም ማስተማሪያ ከፈቱ። የትምህርት ቤቱ የበላይ ጠባቂዎች የከተማውን ሰው ቁጣ ፈርተው የተማሪዎቹን ማኅበር ሲከለክሉ አብዛኞቹ ተማሪዎች ለቀው ወጡ።

ከነዚህም ብዙዎቹ በሰሜን ኦሃዮ ጫካ ውስጥ በ1833 ወደ ተቋቋመው የኦበርሊን ኮሌጅ ሄዱ። ከመግባታቸው በፊት ካቀረቡት ጥያቄ አንዱ ጥቁር ተማሪዎች እንደ ነጮቹ እንዲገቡ ነበር፤ ኮሌጁም በ1835 ይህን ፈቀደ። በ1837 ደግሞ ሴቶችን ከወንዶች ጋር በአንድ የዲግሪ ትምህርት ተቀበለ። በቦስተንም ሆነ በኒውዮርክ ያሉት የቆዩ ኮሌጆች ያላደረጉትን ይህ ገና ዛፉ ተመንጥሮ ያላለቀለት ኮሌጅ አደረገው። እንደሚመስለን አንዱ ምክንያት የጥንት ባለ ሀብትና የጥንት ልማድ የሌለው አዲስ ተቋም መሆኑ ነው።

፬. «ነጻ መሬት» የሚለው ሐሳብ

በምሥራቁ ከተሞች የነበሩት ሠራተኞች በበኩላቸው ሌላ ጥያቄ ያነሡ ነበር። ጆርጅ ሄንሪ ኤቫንስ የተባለው አታሚ በ1844 በኒውዮርክ ማኅበር አቋቁሞ፥ የሕዝብ መሬት ለባለ ገንዘብ መሸጡ ቀርቶ ለሚያርሰው ሰው በነጻ እንዲሰጥ ይሰብክ ጀመር። ሐሳቡም መሬት የሚያገኝ ሠራተኛ ለአሠሪው ተገዢ አይሆንም፤ ከተማ የሚቀረውም ተፈላጊነቱ ስለሚጨምር ደመወዙ ከፍ ይላል የሚል ነው።

ይህ ሐሳብ ከባርነት ክርክር ጋር የተጋጠመው አሜሪካ ከ1846 እስከ 1848 ከሜክሲኮ ጋር ተዋግታ ሰፊ አገር በያዘች ጊዜ ነው። በአዲሱ አገር ባሪያ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። በ1848 ነጻ መሬት የተባለው የፖለቲካ ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በሴኔካ ፎልስ የተሰበሰቡት ሴቶችና ወንዶች የሴቶችን እኩልነት የሚያውጅ ጽሑፍ አወጡ፤ የፈረሙትም 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ሲሆኑ ከነሱ አንዱ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነበር።

ነገር ግን «ነጻ መሬት» ያለ ሁሉ የጥቁሩ ሕዝብ ወዳጅ ነበር ማለት አይደለም። ባሪያ ከገባ ነጭ ገበሬ ይጎዳል ብሎ ብቻ የሚቃወም ብዙ ነበር። የኦሬጎን ሕዝብ በ1857 ሕገ መንግሥቱን ሲመርጥ ባርነትን ከልክሎ፥ በዚያው ቀን ነጻ ጥቁሮችም ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። ይህን አንድ ማስረጃ ልብ ያለ ሰው የነጻነት ቃል ምን ያህል ጠባብ ሆኖ ሊተረጎም እንደሚችል ይረዳል።

በ1854 ኮንግሬሱ የካንሳስና የኔብራስካ ሰፋሪዎች የባርነትን ነገር በድምፃቸው እንዲወስኑ ሕግ አወጣ። ውጤቱ ሁለት ወገን እየተሽቀዳደመ ወደ ካንሳስ መጉረፍ ሆነ። ከማሳቹሴትስ የተነሣው የስደተኞች ረዳት ኩባንያ ባርነትን የሚቃወሙ ቤተ ሰቦችን ላከ፤ እነሱም የሎሬንስን ከተማ ቆረቆሩ። ከሚዙሪ የመጡት ደግሞ ድንበር እየተሻገሩ በምርጫ ቀን ድምፅ ይሰጡ ነበር። በግንቦት 1856 የባርነት ደጋፊዎች ሎሬንስን ዘረፉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጆን ብራውንና ተከታዮቹ አምስት ሰዎችን ገደሉ። የማሻሻያ እንቅስቃሴ ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ በእርሻ መሬት ላይ ወደ ጦርነት የተለወጠው እዚህ ነው። ካንሳስ በ1861 ባርነት የሌለባት ስቴት ሆና ወደ ኅብረቱ ገባች። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች የተዋጉበት መሬት አስቀድሞ ከምሥራቅ ለተነዱት ለሻውኒ፥ ለደላዌርና ለሌሎችም ሕዝቦች ቋሚ መኖሪያ ይሆናል ተብሎ ቃል የተገባበት መሆኑን መርሳት አይገባም።

፭. የ1862 ሕጎች

መሬትን በነጻ የሚሰጠው ሕግ በተደጋጋሚ ቀርቦ የደቡብ እንደራሴዎች ይቃወሙት ነበር፤ ምዕራቡ በትንንሽ ገበሬዎች ከተሞላ ባርነት ስፍራ እንደሚያጣ ያውቃሉና። በ1860 ፕሬዚዳንት ቡካናን ሕጉን ሳይፈርሙ መለሱት። የደቡብ ስቴቶች ከኅብረቱ ሲገነጠሉ ግን ተቃዋሚዎቹ ወንበራቸውን ለቀው ሄዱ። በዚህ ምክንያት በ1862 ሦስት ታላላቅ ሕጎች ተከታትለው ወጡ።

የመጀመሪያው ሊንከን ግንቦት 20 ቀን የፈረሙት ሆምስቴድ የተባለው ሕግ ነው። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ወይም የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የሆነ ዜጋ፥ እንደዚሁም ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ያስታወቀ የውጭ ሰው፥ ጥቂት የመዝገብ ክፍያ ብቻ ከፍሎ 160 ኤከር ይወስዳል፤ አምስት ዓመት ኖሮበትና አርሶት ሲያስመሰክር ባለ ርስት ይሆናል። ያላገባች ሴትም በራሷ ስም መውሰድ ትችል ነበር። ሁለተኛው ሐምሌ 1 ቀን የወጣው የፓስፊክ ባቡር ሕግ ነው፤ ለሐዲድ ሠሪ ኩባንያዎች ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሰፊ መሬት ሰጠ። ሦስተኛው በማግሥቱ የወጣው የሞሪል ሕግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስቴት በኮንግሬስ እንደራሴዎቹ ቁጥር ልክ ለያንዳንዳቸው 30,000 ኤከር እየታሰበ ተሰጠው። መሬቱ ተሽጦ ገንዘቡ እርሻንና የእጅ ጥበብን ለሚያስተምሩ ኮሌጆች ይውላል።

የሆምስቴድ ሕግ መሥራት የጀመረው በጥር 1 ቀን 1863 ነው። በተቃወሙት ስቴቶች ያሉትን ባሪያዎች ነጻ ያወጣው የሊንከን አዋጅ የወጣውም በዚያው ቀን ነው። መሬቱም ሰውየውም በአንድ ቀን ነጻ የወጡ ይመስላል።

ነገር ግን ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፥ በታኅሣሥ 26 ቀን 1862፥ በሚኒሶታ ስቴት በማንካቶ ከተማ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ጊዜ በስቅላት ተገድለዋል። ዳኮታዎች አብዛኛውን መሬታቸውን በውል ለቀው፥ ሊከፈላቸው የሚገባው ዓመታዊ ገንዘብ በመዘግየቱ ተርበው ተነሥተው ነበር። የጦር ፍርድ ቤቱ በ303 ሰዎች ላይ ሞት ፈረደ፤ ሊንከን መዝገቡን አስመርምረው የአብዛኞቹን ፍርድ አቀለሉ፤ የ38ቱ ግን ተፈጸመ። ዳኮታዎችም ከሚኒሶታ ተባረሩ። የነጻነት አዋጁንና ይህን ትእዛዝ የፈረመው እጅ አንድ ነው።

ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ወደ 1.6 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች በድምሩ 270 ሚሊዮን ኤከር ወስደዋል፤ ይህም ከአሜሪካ ምድር ከመቶ አሥር እጅ ያህል ነው። ለብዙ ድኾች፥ ከአውሮፓ ለመጡትም ጭምር፥ በእውነት የሕይወት ለውጥ ነበር። ሆኖም ዝናብ በሚያንስበት በምዕራቡ ሜዳ 160 ኤከር ቤተ ሰብ ለመመገብ ስለማይበቃ ብዙዎች ትተውት ሄደዋል። ጆን ዌስሊ ፓወል በ1878 ባቀረበው ጥናት በደረቁ አገር ለከብት አርቢ 2,560 ኤከር ያስፈልጋል ቢልም ምክሩ አልተሰማም።

ከባርነት የወጣው ሕዝብስ? በጦርነቱ መጨረሻ በደቡብ ጠረፍ ለጥቂቶቹ የተከፋፈለው መሬት በፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ትእዛዝ ለቀድሞዎቹ ጌቶች ተመለሰ። ስለዚህ በ1879 ብዙ ሺህ ጥቁሮች ከሚሲሲፒና ከሉዊዚያና ተነሥተው፥ ጆን ብራውን የተዋጋባት አገር ናት በማለት ወደ ካንሳስ ተሰደዱ። ነጻ ሰው መሬት ካላገኘ ነጻነቱ ጎደሎ መሆኑን ከነሱ ይልቅ ያስረዳ የለም።

፮. ሴቶችና ምዕራቡ

የሴቶች የመምረጥ መብት የተጠየቀው በምሥራቅ ነው፤ የተገኘው ግን በምዕራብ ነው። የዋዮሚንግ ግዛት በታኅሣሥ 1869 ለሴቶች ይህን መብት ሰጠ፤ ዩታ በ1870 ተከተለ። ለምን? ብዙዎች የድንበር ኑሮ ሰውን እኩል ያደርጋል ይላሉ። ነገር ግን በዋዮሚንግ የሴቶች ቁጥር እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ ግዛቱ በዚህ ሕግ ስሙን አስጠርቶ ሰፋሪዎችን ለመሳብ መፈለጉም አንዱ ምክንያት ነው። ምክንያቱ የተደባለቀ ቢሆንም መብቱ ሥር ሰደደ። ዋዮሚንግ በ1890 ስቴት ስትሆን መብቱን ይዛ ገባች፤ በ1893 የኮሎራዶ ወንዶች ድምፅ ሰጥተው አጸደቁት፤ በ1896 አይዳሆና ዩታ ጨመሩ። ለአገሩ ሁሉ የሆነው በ1920 ነው።

፯. የወዳጆች ጉዳት

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የ1887ቱ የዶውስ ሕግ ነው፤ ይህን ሕግ የደገፉት ጠላቶች ሳይሆኑ ራሳቸውን የሕንዶች ወዳጆች ብለው የሚጠሩ የማሻሻያ ሰዎች ነበሩና። ሐሳባቸው ቅን ይመስላል። በነሱ ዓይን 160 ኤከር ሰውን ነጻ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ስለዚህ የጎሣው የወል መሬት ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ 160 ኤከር ቢሰጠው ሕንዱም እንደ ሌላው ገበሬ ዜጋ ይሆናል አሉ። ተከፋፍሎ የተረፈው ግን ለሰፋሪዎች ተሸጠ። የተከፋፈለውም በዕዳ፥ በግብርና በማታለል ከእጃቸው ወጣ። በ1887 የሕንዶች መሬት 138 ሚሊዮን ኤከር ነበር፤ በ1934 የቀረው 48 ሚሊዮን ነው። ባለ መሬቱ የወል ርስቱን እንዴት እንደሚያስተዳድር ያልጠየቀ ማሻሻያ በጦር ያልተወሰደውን በመዝገብ ወሰደው።

የዚህ ታሪክ አንድ ጫፍ እስከ አገራችን ይደርሳል። ቼሮኪዎችና ሌሎችም ሕዝቦች የተነዱበት አገር በኋላ ለሰፋሪዎች ተከፈተ፤ በሚያዝያ 22 ቀን 1889 ወደ 50,000 የሚሆኑ ሰዎች ቀትር ላይ ምልክት ሲሰጥ እየጋለቡ ገብተው መሬት ተሻሙ። በዚሁ መሬት ላይ በስቲልዋተር ከተማ በ1890 የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ተቋቋመ። ከ1952 ጀምሮ የኢትዮጵያን የእርሻ ትምህርት ለማቋቋም ባለሙያዎችን የላከው፥ የአለማያን ኮሌጅ ያደራጀው ይኸው ኮሌጅ ነው፤ አለማያ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ገበሬውን የሚያገለግል ኮሌጅ የሚለው የሞሪል ሕግ ሐሳብ ወደ ሐረርጌ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በሞሪል ሕግ ለኮሌጆች የተመደበው ወደ 11 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ መሬት ከየትኛው ሕዝብ በየትኛው ውል እንደ ተወሰደ በ2020 በዝርዝር ተጠንቶ ታትሟል። በጎ ነገርም ቢሆን ዋጋውን የከፈለለት ሰው እንዳለ ማወቅ ለተማረ ሰው ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነር በ1893 በቺካጎ ባነበበው ጥናት የአሜሪካን ሕዝባዊ አስተዳደር ጠባይ የወሰነው ነጻ መሬት መኖሩ ነው ብሎ ነበር። ከዚህ በላይ እንደ ዘረዘርነው በዚህ አስተያየት እውነት አለ። የመሬቱ ሰፊነት የባርነትን ክርክር ከአደባባይ ንግግር ወደ ቁርጥ ውሳኔ አደረሰው፤ ለሠራተኛው ተስፋ፥ ለሴቶች የመጀመሪያ ድምፅ፥ ለኮሌጆችም መቋቋሚያ ሰጠ። ነገር ግን መሬቱ ነጻ አልነበረም፤ ባለቤት ነበረው።

ስለዚህ የእነዚህን እንቅስቃሴዎች ታሪክ የሚመረምር ሁሉ ሁለት ነገር እንዲጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፥ ማሻሻያው ማንን ነጻ አወጣ? ሁለተኛ፥ የተሰጠው ነገር ከማን ተወሰደ? የመጀመሪያውን ብቻ የጠየቀ ውዳሴ ይጽፋል፤ ሁለተኛውን ብቻ የጠየቀ ወቀሳ ይጽፋል። በ1830 አቤቱታ የጻፉት ሴቶች ሁለቱንም አንድ ላይ ጠይቀው ነበር። በአምስት ድምፅ ቢሸነፉም ጥያቄያቸው ትክክል እንደ ነበረ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ይመሰክራል።